የእጢ እጢ



ንግግሬን ከገዛ ቋንቋችን ጋር በመጣላት ልጀምር። «እጢ» የሚለው ቃል ሥራዬን ያከብድብኛል። ምራቅ የሚያመነጨው አካል እጢ ይባላል። ጉሮሮ ሲታመም አንገት ላይ የሚያብጠው ንፍፊትም እጢ ነው። ያለ ቦታው የበቀለ ባዕድ ሥጋም እጢ ነው። ስለዚህ የዛሬው ርዕሴ በትክክል ቢጻፍ «የምራቅ እጢ እጢ» ሊሆን ነው። አዳራሽ ውስጥ ያስቃል፤ ለታማሚ ግን አያስቅም። «እጢ አለብሽ» ተብላ ከሐኪም ቤት የወጣች ሴት ቤቷ እስክትደርስ እጢው ካንሰር ይሆንባታል፤ ጎረቤት ሲሰማው ደግሞ ለቅሶ ሊወጣ ምንም አይቀረው።

አንድ ቃላችንን ግን አመሰግናለሁ፤ ጆሮ ደግፍን። እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ያልያዘው ልጅ አልነበረም። ጉንጭ ያብጣል፣ ማኘክ ያማል፣ እናት ከአገጭ እስከ አናት ሻርፕ ታስራለች። ስሙን ያወጣው ሰው ዓይኑ የሐኪም ዓይን ነበር። ከጆሮ ሥር ያለው የምራቅ እጢ ሲያብጥ የጆሮን ጫፍ ከታች ደግፎ ወደ ውጭና ወደ ላይ ያነሳዋል። የሕክምና ተማሪዎች ሳለን የተማርነው ምልክትም ይኸው ነው፤ ከታማሚው ፊት ለፊት ቁም፣ ሁለቱን የጆሮ ጫፎች አስተያይ፣ አንዱ ከተነሳ እብጠቱ ከምራቅ እጢው ነው ብለህ ጠርጥር። ጆሮ ደግፍ ግን ከቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ቆይቶ ይሄዳል። እኔ የማወራላችሁ ስለማይሄደው ነው። ሳያም፣ ሳይቸኩል፣ ጆሮን ደግፎ ዓመታት ስለሚቀመጠው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ሙቀት ነበር፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ታሪኩ የጀመረው ከ11 ዓመት በፊት ሹሩባ ሲሠሩ ነው። ሠሪዋ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ስትጎነጉን ጣቷ የሆነ ነገር ላይ ዐረፈ። «እትዬ፣ ከጆሮዎ ሥር ያለው ምንድን ነው?» አለቻቸው። ያኔ ሽምብራ ታክል ነበር። ሄደው ተመረመሩ፤ «አደገኛ አይደለም» ተባሉ፤ እፎይ ብለው ተመለሱ። እኔ ጋ ሲመጡ ሎሚ አክሏል። ከዚያች ቀን ወዲህ ሹሩባ ተሠርተው አያውቁም፤ ጸጉራቸውን በዚያ ወገን ለቀውት ነበር።

ስዳብሰው ጠንከር ያለ፣ ከጣቴ ሥር የሚንሸራተት፣ ዳሩ ወጣ ገባ ያለ ነገር ነው። አያማቸውም። ከዚያ ቅንድብዎን ያንሱ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ጥርስዎን ያሳዩኝ፣ ጉንጭዎን ይንፉ እያልኩ አስቸገርኳቸው። ሳቅ ብለው፣ «ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለጆሮ ግንዴ ነው፤ ፊቴ ደግሞ ምን ሆነ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር። መልሱን ለመስጠት ግን ሥፍራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

እስቲ ምላሳችሁን በጉንጫችሁ ውስጥ፣ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ አድርሱት። አነስተኛ ጉብታ የሚያገኝ ይኖራል። ከጆሮ ሥር ያለው ትልቁ የምራቅ እጢ፣ ሐኪሞች ፓሮቲድ የምንለው፣ ምራቁን የሚያፈስባት በር እሷ ናት። ቱቦዋን ያገኛት ኒልስ ስቴንሰን የሚባል የዴንማርክ ተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1660 አምስተርዳም ውስጥ የበግ ጭንቅላት ሲበልት። የበግ ጭንቅላት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግን ስንቶቻችን ነን እየበለትን ቱቦ የምንፈልግ? አስተማሪው «ያገኘሁት እኔ ነኝ» ብሎ ተከራከረው፤ ስሙ ግን ከተማሪው ጋር ቀረ።  

ትልልቆቹ የምራቅ እጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው፤ ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ ሥር፣ ከምላስ ሥር። ከእነሱ ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭ፣ በላንቃና በጉሮሮ ከ600 እስከ 1,000 የሚደርሱ ጥቃቅን እጢዎች ተበትነዋል። ሁሉም ተባብረው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫሉ።

ፓሮቲድን ከሌሎቹ የሚለየው መጠኑ አይደለም፤ በውስጡ የሚያልፈው ነው። አሁን ቀኝ እጃችሁን በቀኝ ጉንጫችሁ ላይ ዘርጉ፤ የመዳፋችሁ ሥር ከጆሮ በታች ይሁን። አውራ ጣታችሁ ወደ ግንባር፣ ሌባ ጣታችሁ ወደ ዓይን፣ መካከለኛው ወደ ላይኛው ከንፈር፣ ቀጣዩ ወደ ታችኛው ከንፈር፣ ትንሿ ጣት ወደ አንገት ትሂድ። የፊት ነርቭ ማለት ይህ ነው። ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ሥር በአንዲት ቀዳዳ ይወጣል፣ ወዲያው ፓሮቲድ ውስጥ ይገባል፣ እዚያው በአምስት ዋና ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ወደ ፊት ጡንቻዎች ይዘረጋል። የምትስቁበት፣ የምትቆጡበት፣ ተኝታችሁ ዓይናችሁን የምትከድኑበት ሽቦ እጢው ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው። እኚያን እናት ጥርስዎን ያሳዩኝ ያልኳቸው ለዚህ ነበር። ከጆሮ ሥር እብጠት ያለበት ሰው በዚያው ወገን ፊቱ ከወደቀ፣ ዓይኑ አልከደን ካለ፣ «ምች ነው» ብሎ መጠበቅ የለም። ካንሰር ያልሆነ እጢ ነርቭን ይገፋዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አያደክመውም። የሚያደክመው ክፉው ነው። እብጠቱ በወራት ውስጥ ማደግ ከጀመረ፣ ሕመም ካመጣ፣ ከሥሩ ካሉት ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ ካለ፣ ወይም አንገት ላይ ሌላ ንፍፊት ከተከተለው ጥርጣሬያችን ይጠነክራል። የእሳቸው ፊት ግን ደህና ነበር።

ሐኪሞች «የ80 ሕግ» የምንላት የግምት ቁጥር አለች። ከምራቅ እጢ ዕብጠቶች 80 በመቶ ያህሉ ፓሮቲድ ላይ ይወጣሉ፤ ከእነዚህም 80 በመቶ ያህሉ ካንሰር አይደሉም። ሕጓ ግን ወደ ትናንሾቹ እጢዎች ስትወርድ ትገለበጣለች። ከመንጋጋ ሥር ሲሆን ጥሩና ክፉው ወደ እኩል ይጠጋሉ። ከምላስ ሥር ሲሆን አብዛኛው ክፉ ነው። ስለዚህ ጥቃቅኖቹ እጢዎች በተበተኑበት ላንቃ ላይ ቁስል የሌለው ጉብታ ያገኘ ሰው፣ «ትንሽ ናት» ብሎ አይናቃት። በዚህ በሽታ ትንሽነት ማጽናኛ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። «አደገኛ አይደለም» የሚለው የሐኪም ቃል ምን ማለት ነው? እኚያ እናት የሰሙት «ተወው» የሚል ነው። በአንዳንድ እጢ ልክ ነው፤ በእሳቸው ግን አልነበረም።

ካንሰር ካልሆኑት በብዛት የሚገኘው ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ይባላል፤ ስሙ «መልኩ ብዙ» እንደማለት ነው። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያየው እጢ የሚመስል ሥጋ አለ፣ ዝልግልግ ነገር አለ፣ አንዳንዴም ልክ ጆሮ ላይ እንዳለው ዓይነት ልም አጥንት በመሀሉ ይገኛል። ምራቅ አመንጪው ሥፍራ ውስጥ ልም አጥንት ምን ይሠራል? የቀድሞ ሐኪሞችን ግራ ያጋባው ይህ ነበር፤ ስለዚህ «ቅይጥ እጢ» ሲሉት ኖሩ። በብዛት ከ30 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ይታያል፤ ሴቶችን ትንሽ ያበዛል፤ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ነው የሚያድገው። ችኩል አይደለም። ሰውን የሚያታልለውም አለመቸኮሉ ነው።

ሁለት ጉድ አለበት። አንደኛው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከመቶ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ላይ ብቻ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ ከ15 ዓመት በላይ ከተቀመጠ ግን ግምቱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ዛሬ «አደገኛ አይደለም» የተባለው ለዛሬ ነው፤ ለ20 ዓመት የተሰጠ የምስክር ወረቀት አይደለም።

ሁለተኛው ጉድ ሽፋኑ ነው። ሲዳሰስ በቀጭን ከረጢት የተሸፈነ ድቡልቡል ነገር ይመስላል፤ ቆዳውን ሰንጥቆ በጣት ፈልፍሎ ማውጣት የሚቻል ይመስላል። ከረጢቱ ግን በቦታ በቦታው የሳሳ ነው፤ እጢው በዚያ በኩል ትናንሽ ጣቶቹን ወደ ጤናማው ሥጋ ይሰዳል። ድንች ያወጣ ገበሬ ያውቀዋል። ትልቁን ነቅለህ ትሄዳለህ፤ አፈር ውስጥ የቀረው ጥቃቅኑ ድንች በሚመጣው ክረምት ራሱን ችሎ ይበቅላል። ቀድሞ፣ በተለይ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት፣ ቀዶ ሐኪሞች ነርቩን ፈርተው እጢውን እንዲሁ እየፈለፈሉ ያወጡት ነበር። ከተሠሩት ሰዎች ከ20 እስከ 45 በመቶ በሚደርሱት ላይ ተመልሶ መጣ። ዛሬ በዙሪያው ካለው ጤናማ ሥጋ ጋር አብሮ ሲወጣ የሚመለሰው ከ5 በመቶ በታች ነው።

ሌላ ቦታ ሳይተኛ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ፣ በግማሽ ሰዓት «ተፈልቅቆ የወጣለት» አንድ ወጣት ነበር። ስምንት ዓመት ደህና ኖረ። ከዚያ ጠባሳው ሥር እብጠት ይዳሰሰው ጀመር። እኔ ጋ ሲደርስ አንድ አልነበረም፤ ከቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ነበር፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ በኋላ መቁጠሬን ተውኩ። ነርቩ በጠባሳ ተጠቅልሎ፣ ፍሬዎቹ በነርቩ ዙሪያ ተበትነው። እንዲህ ያለውን ለሁለተኛ ጊዜ መሥራት ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ፊቱ ላይ የሚቀረው ድካምም የከፋ ነው። ቀዶ ሐኪም የሚሰጣችሁ ትልቁ ዕድል የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው። በግማሽ ሰዓት አታባክኑት።

«ብረት ከነካው ይብሳል» የሚባል ነገር አለ፤ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ባልደረቦቼ ሲሰሙት ይበሳጫሉ። እኔ አልበሳጭም፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ባልተገባ እጅ የነካው ብረት ዘሩን ይበትነዋል። ወግ ያወጡት ሰዎች ያዩትን ነው የተናገሩት። ስህተታቸው ሁሉንም ብረት አንድ ማድረጋቸው ነው። ምርመራውን ለማድረግ የምንወጋው መርፌ፣ ኤፍ ኤን ኤ የሚባለው፣ ደም ከምንቀዳበት መርፌ የማይወፍር ነው፤ ከእብጠቱ ጥቂት ሕዋሳት ይቀዳል፤ በሽታውን ያሰራጫል ብለን የምንሰጋው አይደለም። ከጆሮ ሥር ያለን እጢ ከፍቶ ቆርሶ መመርመር ግን የምንሸሸው ነገር ነው። ቅጠል ወቅጦ መለጠፍም፣ በፍም ብረት መተኮስም እጢውን ሳይነኩት ቆዳውን ያበላሹና ለእኛ ጠባሳ ያስረክቡናል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ አልከለክልም። እሳቱ ይቅር።

ቅድም «በአንዳንድ እጢ ልክ ነው» ያልኩት ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የገለጸው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፓቶሎጂስት አልድሬድ ዋርቲን ስለነበር የዋርቲን እጢ ይባላል። ከፓሮቲድ የታችኛው ጫፍ ላይ፣ ከመንጋጋ ማእዘን አጠገብ ይወጣል፤ ሲዳሰስ ለስለስ ይላል፤ አንዳንዴ በሁለቱም ወገን ይታያል። ወዳጁ ሲጋራ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸውን አጫሾች ይመርጣል፤ ሴቶች ማጨስ በጀመሩባቸው አገሮች ወንድና ሴት የነበረው ልዩነት እየጠበበ መጥቷል። ይህ እጢ ወደ ካንሰር የሚለወጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ የ75 ዓመት አዛውንት፣ ልባቸውም ደከም ያለ፣ በኤፍ ኤን ኤ ዋርቲን መሆኑ ከታወቀ፣ «አባባ፣ ሲጋራውን ይተዉት፣ እጢውን እንጠብቀው» ብለን በዓመት አንዴ እያየናቸው መኖር እንችላለን። የ30 ዓመት ወጣት ላይ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ሲሆን ግን መጠበቅ ዕዳ ማጠራቀም ነው። ሁለቱም «አደገኛ ያልሆነ» በሚለው አንድ ቃል ይጠራሉ። ለዚህ ነው «አደገኛ አይደለም» ስትባሉ «ስሙስ ማነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ የምፈልገው። ስሙን ሳያውቁ መጠበቅም ልክ አይደለም፣ መቁረጥም ልክ አይደለም።

ያልተነካ እጢ መጨረሻው የት እንደሆነ ማየት ለፈለገ ሰው፣ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ80 በላይ የዘይት ቀለም ሥዕሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ፒተር ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ሚሲዮናዊ ቻይና፣ ካንቶን ውስጥ ሆስፒታል ከፈተ። ላም ቹዋ የተባለው የአገሩ ሠዓሊ የታማሚዎቹን ምስል ሳለለት። ከመካከላቸው ፊትና አንገታቸው ላይ ሐብሐብ የሚያክል እብጠት ተሸክመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ በረጋ ዓይን የሚያዩ ሰዎች አሉ። የሚገርመኝ እብጠቱ አይደለም፤ ፊታቸው ላይ ያለው እርጋታ ነው። ሰው ከዚህ ሁሉ ጋር መኖርን ይለምዳል። ማደንዘዣ ኤተር በአደባባይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1846 ስለሆነ፣ ከእነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አብዛኞቹ የተሠሩት ነቅተው ነው። እኛ ያ ሰበብ የለንም።

እኚያን እናት ሙሉ ሰመመን ሰጥተን ሠራናቸው። የቁርጡ መስመር ከጆሮ ፊት ይጀምርና በጆሮ ጫፍ ሥር ዞሮ ወደ አንገት ይወርዳል፤ ሲድን የቆዳ መጨማደድ ይመስላል። ከዚያ እጢውን አንፈልግም። መጀመሪያ ነርቩን ነው የምንፈልገው። ግንዱን ከአጥንቱ ሥር ሲወጣ እናገኘዋለን፤ ነጭ፣ እንደ ስፓጌቲ የቀጠነ፣ የሚያብረቀርቅ ገመድ ነው። ከዚያ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተከተልን ከላዩ ያለውን ሥጋ እናነሳለን፤ እጢው ከጤናማው ጋር ተጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ይወጣል። የታችኛው ከንፈር ቅርንጫፍ እንደ ክር ነው። እሷ ጋ ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ማንም እንዲያወራ አልወድም።

የሚቀር ነገር አለ፤ ቀድመን መናገርም አለብን። የጆሮ ጫፍ ይደነዝዛል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው። ሴቶች «ጉትቻዬን ሳደርግ የሰው ጆሮ ይመስለኛል» ይሉኛል። ከንፈር ወይም የዓይን ክዳን ለሳምንታት ሊደክም ይችላል፤ ነርቩ ካልተቆረጠ አብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል። ሦስተኛው ለየት ያለ ነው። ወደ ምራቅ እጢው ይሄዱ የነበሩ ጥቃቅን የነርቭ ክሮች እጢው ሲነሳባቸው መንገድ ይስቱና ወደ ቆዳው ላብ አመንጪዎች ያድጋሉ። ከወራት በኋላ ሰውየው ገበታ ላይ ቀርቦ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲጎርስ ጉንጩ ያልበዋል። ቃሪያው ነው ይላል፤ ቃሪያው አይደለም። ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1923 የገለጸችው ሉቺያ ፍሬይ የምትባል ፖላንዳዊት የነርቭ ሐኪም ናት፤ ጥይት የመታውን አንድ ሰው ስትመረምር። አይሁዳዊት ነበረችና እ.ኤ.አ. በ1942 በናዚ ወረራ ሥር በነበረችው የልቮቭ ጌቶ ውስጥ ሞተች። በሽታው ስሟን ይዞ ቀርቷል። ታማሚውን ሲያስቸግረው በመርፌ በሚሰጥ ቦቶክስ ለወራት ማድረቅ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ግን መሀረብ ይዘው ገበታ መቅረብን ይመርጣሉ።

እኚያ እናት ከንፈራቸው ለስድስት ሳምንት ወደ አንድ ወገን አደላ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ውጤቱ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ነበር፤ 11 ዓመት ተቀምጦ ካንሰር አልሆነም። ዕድለኛ ናቸው፤ እሳቸውም ያውቁታል። ለክትትል ሲመጡ ያለ ነጠላ፣ ሹሩባ ተሠርተው መጡ።

አሁን ከእናንተ መካከል የምለምነው የአንድ ሙያ ሰዎችን ነው። ጸጉር ሠሪዎች፣ ፀጉር አስተካካዮች፣ በዚህ አዳራሽ ካላችሁ እጃችሁን አንሱልኝ። እሺ፤ አላችሁ። የሰው ጆሮ ግንድ ላይ በየሳምንቱ እጃችሁ የሚያርፈው እናንተ ናችሁ፤ እኔ የማየው ሎሚ ካከለ በኋላ ነው። ሽምብራ ሳለ ካገኛችሁት አትሸማቀቁ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ንገሯቸው፤ ስሙን እስኪያውቁ እንዳይተዉትም ምከሯቸው።